ጠግቦ አልሠራ ስላለው ፈንገስ የተሰጠ ቃል

የቃል ሰጪ መጠሪያ፦ በሥራ ቦታ «ሙጫ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ የላቦራቶሪ ባለሙያ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቀን፦ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ሥራ አስኪያጃችን የታላቅ እህቴ ባል ነው። ታንከሬን መርዛብኛለች ብሎ ከሶኛል። ክሱ ከጸና እኔ ከሥራ እባረራለሁ፣ የደከምኩበትም የእሱ ሆኖ ይቀራል።

ሥራችን ፈንገስ አብላልቶ ፖሊሳካራይድ የተባለውን ዝልግልግ የፈሳሽ ማወፈሪያ ማምረት ነው። ፈንገሱ ዝልግልጉን የሚያወጣው ስኳር ተትረፍርፎለት ናይትሮጅን ሲያጥረው ነው። ናይትሮጅን ከበዛለት ገላውን ያወፍራል እንጂ ጠብ የሚል ነገር የለውም። ይህን ሚዛን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት በስብሰባ አዳራሹ የእህቴ ባል ሚዛኑን ራሱ እንዳገኘው ለገዢዎች አስረዳ። እኔን «ጠርሙስ አጣቢያችን ናት» ብሎ አስተዋወቀኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንዲሉ ነው፤ ትቼያቸው ወጣሁ።

በማግስቱ ትልቁን ታንከር ሊያስጀምር መጥቶ መጠኑን ጠየቀኝ። እስከዚያ ቀን አንተ እለው ነበር። «እርስዎ ያገኙትን እኔ ከየት አመጣዋለሁ?» አልኩት። ናይትሮጅን የሚሰጠውን የእርሾ ዱቄት እጥፍ አድርጌ እንድጨምር አዘዘ፤ ፈንገሱም እንደ ሰው ነው፣ ይጥገብ አለ። አይበዛም ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ። «ከጠርሙስሽ ጋር ተወያዪ» አለኝ። እንደታዘዝኩት ጨመርኩ።

ትናንት ከረፋዱ 4 ሰዓት በገዢዎቹ ፊት ቧንቧውን ከፈተ። እንደ ማር ይወርዳል የተባለው እንደ እጣቢ ውሃ ፏ ብሎ ጫማው ላይ ፈሰሰ። አንጀቴ ቅቤ መጠጣቱን አልክድም፤ ደስታ ወንጀል ከሆነ ይመዝገብ። መርዝ ቢሆን ፈንገሱ ይሞት ነበር፤ እሱ ግን ወፍሮ ተገኝቷል። የጠገበ እንደማይሠራ ለማወቅ የእህቴ ባል መስታወት ማየት ይበቃው ነበር። እህቴ ደውላ ለቤቴ ስትይ ሚዛኑን ንገሪው ብላኛለች። ቤቷን እወደዋለሁ፤ ችግሩ ውስጡ የሚኖረው ነው።

ለማስረጃ ከዚያው ፈንገስ በእኔ ሚዛን ያመረትኩትን አንድ ጠርሙስ አቅርቤያለሁ። ቃሌን የሚመዘግቡት ሃምሳ አለቃ ከፍተው ቢደፉት ይዘቱ ንቅንቅ አላለም። በኮሪደሩ ሲጠብቅ የነበረው ከሳሽ ይህን አይቶ አንገቱን በበሩ አስገባና፣ «እህት ዓለም፣ ስኳሩ ስንት ነበር?» አለኝ።

«ከጠርሙስዎ ጋር ይወያዩ» አልኩት።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ትክክል ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ከሚዛኑ በቀር የደበቅሁት የለም።

የቃል ሰጪ ፊርማ ____________
የመዝጋቢው ሃምሳ አለቃ ፊርማ ____________