ጅራፍ የለመደ እጅ

ባሌ ይበልጣል የዓሣ አጥማጆች ክበብ ገብቷል። ባለፈው ሰሞን አማኑኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወንዝ ዳር የክበቡ ድግስና ልምምድ ነበረ። የሚማሩት ዓሣ እንዲያታልል ከላባ የተሠራ ዝንብ በረጅም ክር መወርወር ነው። እኔም ልጄን አዝዬ ሄድኩ። ጥርስ እያወጣ ትኩሳት ይዞት፣ ሁለት ሌሊት እሱም እኔም አልተኛንም። ገና ሸለብ ሲያደርገው ይበልጣል ክሩን እንደ ቡሄ ጅራፍ አጮኸው። ልጁ ብንን ብሎ አለቀሰ። አባብዬ ሳስተኛው ሌላው ተለማማጅ ተነስቶ አጮኸ፣ ከዚያ ሌላው። ጅራፍ የለመደ እጅ እንዴት ብሎ ይመለስ። እንባዬ መጣ።

አሠልጣኙ ሽማግሌ አዩኝና «ክሩ ከጮኸ ዝንቡ ይበጠሳል ብያችኋለሁ። በሉ መንጠቆ የሌለውን ላባ እሰሩና እዚህ ልጁ አጠገብ ወርውሩ። የቀሰቀሰው አዝሎ ያስተኛዋል» አሏቸው።

«ኧረ አባባ፣ እንደገና ከተነሳ እኔ አልችልም» አልኳቸው።

«አንቺ ምን አገባሽ፣ አባትየው ያዝላል» አሉ ወደ ይበልጣል እያዩ።

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ግን እጃቸው ሲለዝብ የክሩ ድምፅ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም። ይበልጣል ትከሻዬን ነካ አድርጎ «አየሽ እንዴት እንደወረወርኩ? ልጁ እኮ ንቅንቅ አላለም» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

«አየሁ» አልኩት።