ባለቁልፉ ኮዳቸውን እንዴት እንደለገሱ

ቅናት በባልና በሚስት መካከል ብቻ የሚገባ የሚመስለው ሰው ካለ፣ መጥቶ እኛ ላቦራቶሪ አንድ ሳምንት ይሥራ። እኔ የደም ናሙና መርማሪ ነኝ። የላቦራቶሪያችንን ኮምፒውተሮች የሚጠብቁት ሰውዬ ደግሞ የክፍላቸውን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ሁላችንም ባለቁልፉ እንላቸዋለን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንሠራ ኮድ ሲጽፉ አንድ ቀን እንኳ አይቼ አላውቅም፤ ከኋላቸው ሰው ከቆመ ስክሪኑን ወደ ግድግዳው ያዞሩታል።

አንድ ቀን ጠዋት ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ስወጣ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ላፕቶፕ ያነገተች ወጣት ሴት ቆማ ትንፋሿን ስትሰበስብ አገኘኋት። ላቦራቶሪው የት እንደሆነ ጠየቀችኝ። አዲሱን የላቦራቶሪ ሶፍትዌር እንድትጭን አስተዳደራችን ከሌላ ሆስፒታል ተውሷት መምጣቷ ነበር። ቦርሳዋን ተቀብዬ ይዣት ገባሁ። ባለቁልፉ ቀና ብለው ሲያዩዋት የያዙትን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

"ደግሞ አንቺን ላኩብኝ?" አሉ።

"ዛሬ ጠዋት ነው የነገሩኝ፣ አባባ። ልደውልልዎት ነበር።"

ለካ ምራታቸው ኖራለች፤ የልጃቸው ሚስት። እኔም ቦርሳዋን እንደተሸከምኩ በአማትና በምራት መካከል ቆሜ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ይህ ሶፍትዌር የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። በብዙ አገር ያሉ ሰዎች ጽፈው፣ ማንም እንዲያየው፣ እንዲወስደውና እንዲያርመው ክፍት አድርገው ያኖሩት ነው። እኛም የወሰድነው በነፃ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ስማቸው አንድ የሆነ የሁለት ሴቶች የደም ውጤት ተለዋውጦ ብዙ እንባ ፈሰሰ። ባለቁልፉ ያን ሰሞን ጢማቸውን ሳይላጩ ሰንብተው የራሳቸውን ኮድ ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ሞክሼ ታካሚዎች ሲመጡ ማሽኑ ቆሞ የእናት ስምና የልደት ቀን ሳይጠይቅ የብልቃጡን መለያ ወረቀት አያትምም። ለዚህ እጃቸው ይባረክ።

ጣጣው ሌላ ነው። ሶፍትዌሩ አዲስ እትም በወጣለት ቁጥር የእሳቸው ኮድ ስለሚጠፋ እንደገና ቁጭ ብለው መግጠም አለባቸው። ይህ ሲሰለቻቸው አራት ዓመት ሙሉ "ማሽኑ አይችለውም" እያሉ አዲሱን እትም አስቀሩብን። ማሽኑ እንደሚችል እሳቸውም እኔም እናውቃለን። አሁን ደግሞ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ቀርቷቸዋል።

ምራታቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች። እሳቸው ግን ሥራ ሳትጀምር ጀመሯት።

"ስምሽ የወጣበትን ኮድ አየሁት። ልጄ 'የሚስቴ ስም ለሶፍትዌሩ ኮድ ከለገሱት ሰዎች ዝርዝር ገባ' እያለ በየምሳው አንጀቴን ሲያሳርረው፣ እስቲ ምን ብትሠራ ነው ብዬ ከፍቼ አየሁት።"

"እንዴት አገኙት?"

"በአንድ ቀን የመጡትን ሞክሼዎች ብቻ ነው የሚያስተያየው። ባለፈው ሳምንት መጥታ ብልቃጧ ፍሪጅ ውስጥ ያለችውስ? የኔ እሷንም ያያል። እኔ ካንቺ አሥር ዓመት ቀድሜ የጨረስኩትን በግማሹ ሠርተሽ ነው ስምሽን ያስጻፍሽበት።"

እውነቱን ልናገር፤ በቅናት ሲበግኑ ሳይ ደስ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ስክሪን እኔንም ሲያስቀኑኝ ኖረዋላ።

"እውነትዎን ነው፣ የእርስዎ ይበልጣል" አለች። "የእኔ የወጣው የእርስዎ ተቆልፎበት ስለነበረ ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቁም። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

"ኮዴን ብሰጣቸው አንዱ አንስቶ የኔ ነው ቢልስ?"

"ማን ምን እንደጻፈ፣ መቼ እንደጻፈ እዚያው ይመዘገባል፤ ማንም ገብቶ ያየዋል። የሚሰረቀው የተደበቀው ነው፣ አባባ። እዚህ ያለውን ማን ጻፈው ቢባል ምስክርዎ ማን ነው?"

ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

"እንዳልመሰክርልዎት ስክሪኑን ሲያዞሩብኝ ኖረዋል፣ ጋሼ" አልኳቸው።

"ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ልትሉኝ ነው?"

"እኔ አላልኩም" አለች ምራታቸው።

"እኔ ልል ነበር" አልኩ።

ሳቅ የጠበቀ ካለ አልሳቁም። ልጅቷም ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለምን እንደጻፍኩት ያውቃሉ?" ብላ ጠየቀቻቸው። "አምና እኛ ሆስፒታል አንዲት ሴት የሞክሼዋ ውጤት ተነገራት። ሦስት ቀን ሙሉ ልጆቿን ለማን እንደምትተው ስታስብ ከረመች። አራተኛው ቀን ስህተት ነው ተባለች። ሌላዋ ደግሞ ያን ሁሉ ቀን ጤነኛ ነሽ ተብላ ቤቷ ነበረች። እኔ የማውቀውን ያህል ቶሎ ቶሎ ጻፍኩ። መድኃኒቱ በባሌ አባት ክፍል ውስጥ አሥር ዓመት ተቀምጦ እንደነበር ግን አላወቅኩም።"

ባለቁልፉ ደረታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ያዙት። የዚያን ጊዜዎቹን ሁለት ሴቶች፣ ኮዱን ያስጻፏቸውን፣ ሳያስታውሱ አልቀሩም።

"አዲሱን ስትጭኚው የኔ ይጠፋል?"

"ይጠፋል። እርስዎ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ እንደገና የሚገጥመው የለም። ከለገሱት ግን ሶፍትዌሩ ውስጥ ገብቶ ከየእትሙ ጋር ራሱ ይመጣል፤ ሌሎች ይጠብቁልዎታል።"

"እኔ ባልኖርም?"

"እርስዎ ባይኖሩም፣ አባባ።"

ሥራው ሁለት ሳምንት ይራዘምልኝ ብላ አስተዳደሩን አስፈቀደች። እሳቸውም እያጉረመረሙ ኮዱን ሶፍትዌሩን ለሚጽፉት ሰዎች ላኩት። በሦስተኛው ቀን መልስ መጣ፤ አሥራ ስምንት አስተያየት። ይህ መስመር ረዘመ፣ ይህ አልተብራራም፣ ይህ ሁለት ጊዜ ተጽፏል።

"ምጽዋት ሰጥቼ ፈተና ተቀመጥኩ" አሉ ባለቁልፉ። "የአንቺንም እንዲህ ነው ያደረጉት?"

"በእኔ ላይ ሠላሳ አንድ ነበር።"

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ፤ በአስተያየት ማነስም ይፎከራል ማለት ነው። አንድ በአንድ አረሙት።

በሳምንቱ አንዲት ሴት ጻፈችላቸው። ዱሮ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ አሁን የዚሁ ሶፍትዌር ኮድ ጸሐፊ ናት። ጥያቄዋ አንድ መስመር ነው፦ ስም ያልወጣላቸው መንታ ሕፃናት ሲመጡ ኮድዎ ምን ያደርጋል?

ባለቁልፉ "ና እስቲ እይ" አሉኝ። ስክሪኑንም ወደ እኔ አዞሩት። ስንት ዓመት የተመኘሁት ነገር ነበር፤ የፊታቸውን መለወጥ ሳይ ግን ደስታዬ ጠፋ።

አራስ ሕፃን ስም እስኪወጣለት ድረስ የሚመዘገበው "የእገሊት ልጅ" ተብሎ ነው። መንታ ከሆኑ ስማቸው አንድ፣ እናታቸው አንድ፣ የልደት ቀናቸውም አንድ ነው። ሁለት የሐሰት ሕፃናት መዝግበን ሞከርነው። ማሽኑ አንድ ሰው ናቸው ብሎ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መለያ አተመ። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የማዋለጃ ክፍል ሊከፈት ደግሞ የቀረው አንድ ወር ነበር።

"አሥራ አንድ ዓመት" አሉ። "አሥራ አንድ ዓመት ስኮራበት።"

"ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባል የለ" አለች ምራታቸው ቀስ ብላ።

"በይ ወንበርሽን ሳቢ። አንተም ና፤ ሕፃናቱ እንዴት እንደሚመዘገቡ የምታውቀው አንተ ነህ።"

እነሆ ሦስታችን አንድ ስክሪን ፊት ተቀመጥን። ስም ያልወጣለት ሕፃን በመጣ ቁጥር ማሽኑ የአወላለድ ተራ እንዲጠይቅ ተደረገ፤ ኮዱም ተቀባይነት አግኝቶ አዲሱ እትም ተጫነ። ስማቸው ከምራታቸው ስም በላይ መጻፉን በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ነግረውኛል። አመላቸው ነው፣ ታገስኳቸው።

አንባቢዬ ሆይ፣ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ባለቁልፉ ብቻቸውን ሲሸከሙት አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር ያስፈራቸው የነበረው ኮድ፣ ዛሬ በማያውቋቸው ከተሞች ያሉ ላቦራቶሪዎች ይጠቀሙበታል፤ ሲበላሽ የሚያርመው አለ። ባይሰጡት ኖሮ ስህተቱን የሚያገኘው የአንድ እናት እንባ ነበር። የሚያውቁትን ደብቀው በሰው ስም የሚቃጠሉ ሁሉ ይህን ያስቡበት። እኔንም ጨምሮ።

ባለቁልፉ ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን በሩ ላይ ሰክተውት ሄዱ። የማዋለጃው ክፍል በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት ከላይ ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ወረዱልኝ። የመጀመሪያውን እንደመዘገብኩ ማሽኑ ቆሞ ጠየቀኝ፦ መጀመሪያ የተወለደው ነው ወይስ ሁለተኛው? ሥራውን ከጨረስኩ በኋላ ደወልኩላቸው።

"ሁለቱም ደህና ናቸው?" አሉ።

"ደህና ናቸው፣ ጋሼ። ማሽኑም እርስዎ እንዳሉት ጠየቀኝ።"

"እኔ አይደለሁም የጠየቅኩት፣ ያቺ አዋላጅ ናት" አሉ። "ዛሬ እጽፍላቸዋለሁ፤ የእሷ ስም ከኔ በላይ ይሁን።"