የእንግሊዟ አሮጊት ለቅሶ

«ዶርቃ፣ ጫፍ ጫፉን ብቻ ከርከም አድርጊልኝ እሺ? ውይ፣ የዛሬው ብርድ ደግሞ! እዚህ ሲግናል ሰፈር እንዲህ ከሆነ እንጦጦ ላይ ያለ ሰውማ…»

ፀዳለ ፀጉር ቤቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህን ስትል ዓይኗ መስታወቱ ላይ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጠችው ጎረቤቷ ትታያለች፤ ካስኩ ገና አልበራም። ፀዳለ ጠዋት እንጦጦ ማርያምን ተሳልማ ስትመለስ የዚህችን ሴት እናት ጭራሮ ሲለቅሙ አግኝታቸው፣ አንጀቷ አርሮ ነው የወረደችው።

«እኔ የምልሽ፣ የቅዳሜውን ለቅሶ ሰማሽ? እኛ ሰፈር አንዲት ሆደ ቡቡ ሰው አለች… ስሟን ተዪው። ከቤቷ ‹ወይኔ እናቴን!› የሚል ጩኸት ብንሰማ፣ በቃ አረፉ ብለን ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሮጥን። የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ሳይቀር ወጥቷል! ስንገባ ምን ብናይ ጥሩ ነው? ፊልም! የእንግሊዝ ፊልም። አንዲት አሮጊት መስኮት ሥር ልጇን ስትጠብቅ፣ ስትጠብቅ ትሞታለች፤ የኛዋ ደረቷን ትደቃለች። ምን እናድርግ፣ አጽናንተናት ወጣን። ከመጽሐፍ የተሠራ ነው አለችን ዓይኗን እየጠረገች፤ መጽሐፉ ደግሞ ይበልጣል አሉ። ይበልጣል እንጂ! የሩቁ መቼ ያንሳል?

«እናቱ የሞተችበትና እናቱ ውሃ የወረደችበት እኩል ያለቅሳሉ ይባል የለ? እናቷ ዳገት ላይ ጭራሮ የሚለቅሙባትስ? እሷን ተራቹ ረስቷታል…

«አይፈረድባትም፣ ዳገቱ ለመኪናዋ ይከብዳል። ባለፈው እሁድ እንጦጦ ላይ የተነሳችውን ፎቶ አይተሻል? ስታምር! ከኋላዋ አንድ የዛገ ቆርቆሮ ይታያል… የማን ቤት ይሆን? ዛሬ እግራቸው አብጦ ያገኘኋቸው እናትስ የማን ይሆኑ? ‹ልጄ ሥራ በዝቶባት ነው› እያሉ መንገድ መንገዱን ያያሉ። ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው ጠፍቶ! ፊልም ቢሆኑ ኖሮ እኮ የሚያለቅስላቸው አያጡም ነበር።»

ዶርቃ ከርክማ ጨረሰች። ካስክ ሥር ያለችው ሴትዮ ስልኳ ላይ አቀረቀረች። ፀዳለ ተነስታ ትከሻዋ ላይ የወደቀውን ፀጉር አራገፈችና ሣቅ አለች።

«ብቻ ክፉ አይንካት! ልጆቿን በሷ ያውጣላት። አርጅታ መስኮት ሥር ስትቀመጥም፣ ልጆቿን እንዲህ አንጀት የሚበላ ፊልም አያሳጣቸው… አሜን በሉ እንጂ!»