እኔ ጋ ይሠራል ያለችው ምህረት

የልጄ ልጅ ምህረት እንጀራዋ ኮምፒውተር ነው። በአንድ ኮምፒውተር ሆድ ውስጥ ሌሎች ኮምፒውተሮች የሚያስነሳ ነገር አለ አሉ፤ እሷ ጀማሪዎች እያዩ የሚማሩባቸውን፣ ፓይተን በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፉ ምሳሌዎቹን እያረመች ትይዛለች። ባለፈው ዲላ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትነጫነጫለች። አንድ የማታውቀው ጀማሪ፣ "ምሳሌሽ እምቢ አለኝ፤ ትምህርቱን ልተወው ነው" ብሎ ጽፎላታል። "እማማ፣ እኔ ጋ እኮ ይሠራል! ሰውዬው ነው ያልገባው።" "እስቲ አንብቢልኝ" አልኳት። "'ሙከራ' የሚባለውን ኮምፒውተር ፈልግ፤ ከዚያ አስነሳው" ይላል። "እሱን ማን ሠራው?" "እኔ ነኛ፣ ድሮ።" "ሰውዬው ቤትስ አለ?" ጽሑፉን መልሳ አየችው፤ "ለካ የለም!"

ሳቄ መጣ። "አይ ልጄ! እናትሽ ሙሽራ ሆና ስትመጣ የቆጮ አሠራር አስተማርኳትና እርሾውን ሳልነግራት ቀረሁ። ሲበላሽባት 'እጅሽ አይረባም' አልኳት። ለካ እርሾው እኔ ቆጮ በምቀብርበት ጉድጓድ ውስጥ ከድሮው ነበረ!" ወዲያው ምህረት 'ሙከራ' የሚባለውን ኮምፒውተር መጀመሪያ የሚሠራ መስመር ምሳሌው ላይ ጨመረችና ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቀችው። ሠራለት፤ ትምህርቱንም ቀጠለ። "እማማ፣ ስህተቱን ያገኘችው አያቴ ናት ብዬ ስምሽን ምሳሌው ሥር ልጻፈው?" "ጻፊው፤ ግን አጎትሽ ያንብብልኝ። የራስሽን ስም ጽፈሽ የእኔ ነው ብትይኝ፣ ፊደል ያልቆጠርኩ በምን አውቃለሁ?"