ከግንባር የጠፋው መስቀል

አድማ በተመታበት ሐሙስ ሮም ውስጥ ቶር ፒኛታራ ፌርማታ ላይ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው ወይ ዜና አይሰማም፣ ወይ በተአምር ያምናል። ኤፊ ዜና አልሰማችም ነበር። ኮምፒውተሯን በጀርባዋ አንግታ ባዶውን ጎዳና እያየች ስትነጫነጭ ቆየች፤ አንድ መንገደኛ «ሺዮፔሮ ነው እኮ፣ አድማ» ብሎ ሲነግራት መሬቱን በጫማዋ ደበደበችው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኮምፒውተር ያጠናች ልጅ ናት፤ መጠበቅ የሚባለውን ትምህርት ግን ያስተማራት የለም።

በእግሯ ለመሄድ ስትነሣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጡ ሴት ዓይኗ ውስጥ ገቡ። ሚያዝያ እያለቀ ነው፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሴትዮዋ ግን ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ተከናንበዋል።

«እትዬ የሻረግ? እርስዎ ነዎት?»

«እኔው ነኝ የኔ ልጅ። እንደምን ዋልሽ? እናትሽ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ምነው በዚህ ፀሐይ ተከናነቡ? አሞዎት ነው?»

«አላመመኝም። ግንባሬን ደብቄ ነው።»

«ከማን?»

«ከካሜራ።»

ኤፊ ግራ ቀኙን አየች። ካሜራ የለም። ባለ ፍራፍሬው ባንግላዴሻዊ እንጆሪው ላይ ውኃ ይረጫል እንጂ ለማንም ግንባር ደንታ የለውም።

እትዬ የሻረግ የወልድያ ሰው ናቸው። ሮም ከገቡ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አንዲት ሽማግሌ ጣሊያናዊት፣ ሲኞራቸውን፣ ያስታምማሉ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላና ቅዳሜና እሑድ ዕረፍታቸው ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ በሁለት ነገር ያውቃቸዋል፤ ከሩቅ በሚሰማው ሳቃቸውና ግንባራቸው መካከል ባለችው አረንጓዴ የመስቀል ንቅሳት። የዚያን ቀን ሁለቱም አልነበሩም። ኤፊ ይህን ስታይ ተመልሳ ተቀመጠች።

«ይንገሩኝ እስቲ።»

«እታለም የምትባል ታላቅ እኅት አለችኝ፣ ወልድያ። ልጇ ኤልሳቤጥ በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ታገባለች። እኔ ሲኞራዬን ጥዬ መሄድ አልቻልኩም። ምርቃቴን በቪዲዮ ልላክ ብዬ እየሩስን፣ አብራኝ የምትኖረውን ልጅ፣ ቅረጪኝ አልኳት። ‹በዚህ ልቅረጽሽ፣ ያሳምርሻል› ብላ በዚያ ፊልተር በሚሉት ቀረጸችኝ። መነጽሬን አላደረግሁም። መልኬ ወጣት ወጣት ሲለኝ ደስ ብሎኝ ላክሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ የፊቴን መጨማደድ ሲያጠፋ መስቀሌንም አብሮ ጠርጎት ኖሯል! እታለም አየችና ‹ሮም ሄደሽ መስቀልሽን በጨረር አስፋቅሽው? በዚህ ግንባር ልጄን እንዳትመርቂያት!› ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ይኸው እስከ ዛሬ አታነሣልኝም።»

«ታዲያ ያለ ፊልተር ፎቶ ተነሥተው አይልኩላትም?»

«ላክሁላ! ‹በኩል ቀብተሽው ነው› አለች።»

ኤፊ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው አፏን ያዘች፤ የእትዬ የሻረግ ዓይኖች እንባ አቅርረው ነበር። ያቺን ልጅ ገና ስትወለድ አቅፈዋታል፤ ምርቃታቸው በሠርጓ ቀን ተመላሽ ሊሆን ነው።

«እኔ ለራሴ ምያለሁ» አሉ ሴትዮዋ አፍንጫቸውን ጠርገው። «ከእንግዲህ ካሜራ ፊት አልቆምም። የፈጣሪን ሥራ የሚያርም ነገር ከሰይጣን ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰይጣን እንዲህ ደደብ አይደለም። ማሽኑ ብጉርና መስቀል አይለይም። የሠሩት ሰዎች ‹ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ነገር ካገኘህ አጥፋ› አሉት፣ አጠፋ። ግንባሩ ላይ መስቀል ያለበት ሰው በሕይወታቸው አላዩም።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልርገማቸው?»

«አይርገሟቸው። የራሳችንን እንሥራ።»

«ምኑን?»

«ፊልተሩን ነዋ። መስቀሉን የማይነካ፣ እንዲያውም ለሌለው ሰው የሚሥል።»

እትዬ የሻረግ ፀሐይ የመታትን ልጅ በሚያዩበት ዓይን አዩዋት።

«እሱን የሚሠራው ትልቅ ኩባንያ አይደለም እንዴ?»

«ኩባንያው መሥሪያውን በነፃ ለቆታል። ደፍሮ የሚቀመጥ ሁሉ ይሠራል። እኛ ግን ሌላው በራሱ ልክ የሰፋውን ለብሰን አልሆነንም እያልን እናለቅሳለን።»

«ቆይ እስቲ፣ አትቸኩይ! መስቀል መጫወቻ ይደረጋል? ይህስ ድፍረት አይሆንም?»

ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ኤፊ ገባት። ንግግሯን ዝግ አደረገችው።

«የነጠላዎን ጥለት ይዩት። ምን አለበት?»

እትዬ የሻረግ ጫፉን አነሡት። ከዳር እስከ ዳር መስቀል ተጠልፎበታል።

«ሸማኔው ተጫወተ ይባላል? የነቀሰችዎትስ ሴት በመርፌና በጥላሸት ስትሥል ተጫወተች? እርስዎን የሚያስፈራዎት መሣሪያው አዲስ መሆኑ ብቻ ነው። ሥዕሉ ያው ነው፤ ማክበርም ማቃለልም ከሠሪው ነው።»

«እሺ፣ እሱስ ይሁን። ግን ውሸት ነው። የሌለውን ሰው እንዳለው ያስመስላል።»

«ልክ ነዎት። ከእኅትዎ ጋር የሚያስታርቅዎትም እሱ ነው! ኤልሳቤጥ ንቅሳት አላት?»

«ከየት አምጥታ! የዘንድሮ ልጅ።»

«እንግዲያው ሙሽራዋ ስልኩን ፊቷ ላይ ትደቅናለች፤ መስቀል ግንባሯ ላይ ይወጣል። በጣቷ ነካ ስታደርገው ይጠፋል፤ መልሳ ስትነካው ይመጣል። እናቷ ይህን ካዩ ካሜራ መስቀል ማምጣትም መውሰድም እንደሚችል በዓይናቸው አዩ ማለት ነው። እርስዎ ሺህ ጊዜ ቢምሉ ይህን ያህል ያሳምናሉ?»

ሴትዮዋ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየተከተሉ መስቀሎቹን ቆጠሩ። የተማረ ሰው ሲናገር ቶሎ እሺ ማለት በእርሳቸው ዕድሜ ነውር ነው፤ ትንሽ ማስለመን ደንብ ነው።

«ቫ ቤኔ፣ እሺ» አሉ በመጨረሻ። «ሞክሪው። ካልሆነ ግን ስልኬን አንቺው ትወስጂዋለሽ።»

ተያይዘው ወደ መናፈሻው ሄዱ፤ ከንግሥት እሌኒ መቃብር ፍርስራሽ ፊት ለፊት ጥላ ያለው ወንበር አገኙ። እትዬ የሻረግ አማተቡ። «መስቀሉን ቆፍራ ያወጣችው ንግሥት እያየችሽ ነው፤ ተጠንቅቀሽ ሥሪ» አሉ። ሊቀልዱ እንደ ጀመሩ ኤፊ በልቧ ያዘችላቸው።

ነጠላው ወደ ኋላ ተመለሰ። ኤፊ ግንባራቸውን በቅርበት ፎቶ አነሣች፤ ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ የሰው ፊት ከጆሮ እስከ ጆሮ ተዘርግቶ ወጣ።

«በስመ ሥላሴ! ፊቱን ገፈው ዘረጉት እንዴ?»

«የፊት ካርታ ነው እትዬ። መስቀሉን እዚህ ላይ ካስቀመጥሁት፣ ሰውየው ቢዞርም ቢያጎነብስም አብሮት ይዞራል።»

ፎቶውን አስጠግታ መስቀሉን በአረንጓዴ ሣለች፤ ከካርታው መካከል አስቀመጠች፤ ሲነኩት እንዲጠፋና እንዲመለስ አደረገች፤ ወደ ስልኳ ላከችው። ስልኩን ወደ ራሷ ስታዞር ኤፊ፣ በዚህች ከተማ ያደገችው፣ ንቅሳትን ከእናቷ አንገት ላይ እንጂ በራሷ ገላ ላይ ያላወቀችው ልጅ፣ ግንባሯ ላይ መስቀል ኖራት።

እትዬ የሻረግ ሳቁ። ሳቁ ተመልሶ መጣ፤ ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ዞረው አዩዋቸው። ቆይተው ግን መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን አቀረቡትና ፊታቸው ተለወጠ።

«ግን ይህ የኔ አይደለም።»

«እንዴት?»

«የኔ ያዘመመ ነው፤ ወደ ግራ።»

«አዎ፣ አይቻለሁ። አቃናሁልዎት።»

«ማን አቃኚልኝ አለሽ?»

ኤፊ ፎቶውንና የሣለችውን ጎን ለጎን አየች። ብጉርና መስቀል አይለይም ብላ ስትሰድበው የቆየችው ማሽን የሠራውን፣ እሷ የተማረችው፣ በገዛ እጇ ደግማ ሠርታው ነበር።

«እኔና እታለም የተነቀስነው በአንድ ቀን ነው» አሉ እትዬ የሻረግ። «እሷ ቀድማ ጨረሰች። የኔ ተራ ሲደርስ አለቀስኩ። እታለም ከሴትዮዋ ጀርባ ቆማ ምላሷን እያወጣች፣ እንደ አህያ እያናፋች ስታስቀኝ ራሴ ተነቃነቀ፤ መርፌው አመለጠ። ነቃሿ ሁለታችንንም በኩርኩም አለችን። ይህን የምናውቅ እኔና እሷ ብቻ ነን።»

«ይቅርታ እትዬ። አሁኑኑ አዘምመዋለሁ።»

«ትንሽ... አይ፣ በዛ። መልሺ። አዎ! እንደሱ። አሁን እኔ ሆንኩ።»

ኤፊ ሥራውን ለኩባንያው ላከች። መርምረው እስኪፈቅዱ ቀናት ይወስዳል፤ ኤፊም በነዚያ ቀናት ስልኳን እንደ ሕመምተኛ እየደባበሰች፣ ቤተሰቦቿን እያማረረች ከረመች። ፈቃዱ የመጣ ዕለት ፊልተሩን የሚከፍተውን ማስፈንጠሪያ ለሙሽራዋ ልካ «እናትሽ ባሉበት ክፈችው» ብላ ጻፈችላት።

በሠርጉ ዋዜማ ረፋዱ ላይ ኤፊ እትዬ የሻረግ ቤት ተጠርታ መጣች፤ መልስ ከወልድያ ገብቶ ነበር። በሌላ ስልክ የተቀረጸው ቪዲዮ የሚጀምረው ከዳሱ ሥር ነው። ሙሽራዋ አለች፣ በያዘችው ስልክ ውስጥ ግንባሯ ላይ ያዘመመ መስቀል። ነካ አደረገችው፣ ጠፋ፤ ነካችው፣ መጣ። ሚዜዎቹ እየተጋፉ ስልኩን ተሻሙ። የአንድ መላጣ አጎት ግንባር የት እንደሚያልቅ ካርታው ስለጠፋው መስቀሉ ወደ አናታቸው ወጣ፤ ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። መጨረሻ ላይ አንዲት አዛውንት ስልኩን ነጥቀው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ልጃቸውን በስልኩ ውስጥ ትኩር ብለው ሲያዩ ይታያል። ከዚያ ቪዲዮው ይቆማል።

ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«የሻረግ!»

«አቤት፣ እታለም።»

«ያዘመመ ነው።»

«አዎ።»

«እኔ ነኝ ያሳቅሁሽ።»

«አንቺ ነሽ፤ እንደ አህያ እያናፋሽ።»

ከወዲያ ማዶ፣ ወልድያ ላይ፣ በእታለም ድምፅ አህያ አናፋ። ሁለቱ እኅትማማቾች ለመናገር እስኪያቅታቸው ሳቁ፤ ኤፊም ማልቀስ ስለማትወድ መስኮቱን ለመክፈት ተነሣች።

«ፎቶውን ስትልኪ ንዴት ዓይኔን ጋርዶት አላየሁትም» አሉ እታለም ትንፋሻቸውን ሰብስበው። «በኩል የሚቀባ ሰው መቼ አጣሞ ይቀባል! ነገ ቤተ ዘመድ ሲሰበሰብ በስልክ ትመርቂያታለሽ፤ ነጠላሽን ግንባርሽ ላይ እንዳታወርጂ፣ ዋ!»

እትዬ የሻረግ በማግሥቱ ካሜራ ፊት ቆመው መረቁ። መሐላቸውን በማፍረሳቸው ቄስ ጋ ሄደው ቀኖና ተቀብለዋል፤ ቀኖናውን ግን ከመሐላው ይልቅ በደስታ ነው የፈጸሙት። ከዚያ ወዲህ ከቅዳሴ በኋላ ሴቶቹን ሰብስበው የሚናገሩት ኤፊ እንኳ ያላሰበችውን ነው።

«ስልክ ከመጣል መሥራት ይሻላል» ይላሉ። «እኔ ካሜራው ሰይጣን ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ስለ እኛ የነገረው ሰው አልነበረም። ልጆቻችንን አስተምረን ብንነግረው ግንባራችንን እንደ ጉድፍ አይጠርግም። ልጃገረዶቹም የእናታቸው አንገት ላይ ያለው ምን እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ ያውቃሉ። በርቀት የተለያየ ዘመድ በአንድ ሥዕል ይስቃል። እጅን አጣጥፎ ካሜራን መርገም ግን እኔን ምንም አላተረፈልኝም፤ በፀሐይ ከመከናነብ በቀር።»

እንዲህ ብለው ብቻ አልቀሩም፤ የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት አስፈቅደው ኤፊን አስተማሪ አደረጓት። ኤፊ መጀመሪያ ጊዜ የለኝም አለች። ሁለተኛውን «የለኝም» ግን ለመናገር ፋታ አላገኘችም።

ከሠርጉ በኋላ በመጣው ሐሙስ ሁለቱ እዚያው ፌርማታ ተገናኙ። አድማ የለም፤ ፀሐዩ አለ፤ የእትዬ የሻረግ ግንባር ከሩቅ ያበራል። ስልካቸውን ዘረጉላት።

«እታለም ናት፣ ስሚያት።»

«አንቺ ልጅ» ይላል ከወልድያ የመጣው ድምፅ፣ «እግዚአብሔር ያክብርሽ፣ ግን ሠርገኛው ሁሉ የየሻረግን ጠማማ መስቀል አድርጎ ሄደ! የኔ እኮ ቀጥ ያለ ነው። የኔስ መቼ ነው የሚሠራው?»

ኤፊ ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፈተች። አውቶቡሱ መጣ፣ በሩን ከፈተ፣ ዘጋ፣ ሄደ። ቀና ብላ አላየችውም።