እኔና ልጄ ሂሳብ የወደቅን ቀን

የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እኔና ልጄ ሰሚራ አብረን ነው የተፈተንነው። እሷ ቀን ተምራ፣ እኔ ደግሞ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስሰፋ እየዋልኩ በማታ ተምሬ። ውጤት የወጣ ዕለት ሳቢያን ሰፈር ቤታችን ቁጭ ብዬ በስልኬ ባየው፣ ሂሳብ ከመቶ ሃያ ሰባት! ስንት ቀን እንቅልፌን ያጣሁበት ሂሳብ! ለልጄ ምን ብዬ እንደምነግራት እያሰብኩ መኝታ ቤት ብገባ፣ እሷም ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ትንሰቀሰቃለች።

«ሂሳብ ስንት መጣልሽ?» ብላት ትራሱን ይበልጥ እቅፍ አደረገችው። «ንገሪኝ አቦ፣ አልቆጣሽም» ብላት ጭራሽ ብርድ ልብሱን ራሷ ላይ ሳበችው። ጨነቀኝና «እኔ እንኳ ሃያ ሰባት ነው ያገኘሁት» አልኳት። ቀና አለች። እንባዋ ሳይደርቅ ዓይኗ ፈጠጠ።

«ኡሚ፣ ወላሂ በይ! እኔ እኮ ሃያ አራት ነኝ፤ በለጥሽኝ!»

ዓመቱን ሙሉ «ኡሚ፣ ይሄ እኮ ቀላል ነው» እያለች ሂሳብ ስታስረዳኝ የከረመችው እሷ ናት! ማን ቀድሞ እንደሳቀ አላውቅም፤ ብቻ ተቃቅፈን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን።

በማግስቱ ባጃጅ ይዘን የሂሳብ ማጠናከሪያ ልንመዘገብ ሄድን። መዝጋቢው አንድ ቅጽ አወጣና «ወላጅ ነዎት?» አለኝ። አፌን ሳልከፍት ሰሚራ እጇን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ፣

«ወላጄም ናት፣ የክፍሌ ልጅም ናት፤ ሁለት ቅጽ ይስጡን» አለችው።