የጋሼ ፓምፕ ልብና የፖስተኛው ኪኒን

የክሊኒኩ ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጧል። ነርሷ ጠጋኙ ምን ላይ እንደደረሰ ለማየት ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ፣ ፓምፑ ሥር ተንበርክከው ብቻቸውን የሚራገሙ ሰው አገኘች። ፊታቸውን ማየት አላስፈለጋትም። የእናቷ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ሠፈሩ «ጋሼ ፓምፕ» የሚላቸው።

«ማነው ይህን የገጠመው ጅል?» ይላሉ ቫልቩን እያወዛወዙ። «የሌላ ፓምፕ እኮ ነው! አዲስ ስለሆነ ብቻ ይሠራል እንዴ? ሠሪው መመሪያ የጻፈው ለጌጥ ነው?» ብለው ወለሉ ላይ ወረወሩት።

«እንደምን ዋሉ አጎቴ? የደም ምርመራ ቀጠሮዎን ሁለት ወር ሲዘሉ ከርመው፣ ለፓምፕ ሲሆን ከተፍ አሉ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼ ፓምፕ የልብ ቫልቭ፣ ማለትም ደሙን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው በር፣ በልጅነት ሕመም ተበላሽቶ ስለነበር፣ ከአራት ዓመት በፊት በብረት ቫልቭ ተተክቷል። የልባቸው አመታትም የተዛባ ነው። ስለዚህ ደማቸው እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚባለውን ኪኒን በየቀኑ መዋጥ፣ መጠኑንም በደም ምርመራ ማስለካት፣ መድኃኒቱን የሚያዛባውን ቅጠላ ቅጠልም በልክ መብላት አለባቸው። ጋሼ ፓምፕ ደግሞ «አለብዎት» የሚባል ቃል አይወዱም።

«ተገላገልኩ ልጄ!» አሉ እየሳቁ። «ጎረቤቴ ፖስተኛው አዲስ የደም ማቅጠኛ ኪኒን አለው። የእሱም ልብ እንደኔ ይዘላል፤ ግን በየወሩ መርፌ የለ፣ ቅጠላ ቅጠል በዛ አነሰ የለ። አንድ ፓኬት ሰጠኝ፤ የኔን ትቼ ይህን ከጀመርኩ ይኸው ሁለት ሳምንቴ።»

ነርሷ ደረጃው ላይ ዘፍ አለች።

«የፖስተኛው ቫልቭ ጤነኛ ነው፤ የተዛባው አመታቱ ብቻ ነው፤ ኪኒኑም ለእሱ ይስማማዋል። የብረት ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ግን እንዲህ ያለ ኪኒን ተሞክሮ ጉዳቱ ስለበዛ ጥናቱ ተቋርጧል። የሕክምና መመሪያው ለእርስዎ ዋርፋሪን የሚለው ለዚህ ነው። ስንቴ ልንገርዎ?»

«መመሪያ! መመሪያ! እኔ ቫልቭ ከቀየርኩ በኋላ በየወሩ እየተመለስኩ ውሃውን እለካለሁ?»

«ውሃ አይጓጉልም፤ ደም ነው የሚጓጉለው!»

«አትጩኺብኝ! ሱሪዬ ላይ ስትሸኚ የነበርሽ ልጅ!»

«ያን ጊዜ ሱሪዎን ቀይረዋል፤ አሁን ደግሞ ኪኒኑን ይቀይሩ!»

ጋሼ ፓምፕ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ሳቁን ለመደበቅ ጎንበስ ብለው መፍቻውን አነሱ። በግራ እጃቸው። ነርሷ ቀኝ እንጂ ግራ ሲጠቀሙ አይታ አታውቅም።

«ቀኝ እጅዎ ምን ሆነ?»

«ምንም። ማክሰኞ ለት ሩብ ሰዓት ያህል ደንዝዞ መፍቻው ወደቀብኝ፤ ምላሴም ተሳሰረ። ከዚያ ለቀቀኝ። ድካም ነው። ግን ከዚያ ወዲህ አላመንኩትም።»

ፓምፑ ስለቆመ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ከሽማግሌው ደረት የብረቱ ቫልቭ ጠቅ፣ ጠቅ ሲል ይሰማል። የነርሷ ንዴት ወደ ፍርሃት ተለወጠ። የተጣለውን ቫልቭ ከወለሉ አነሳች።

«ይሄ አዲስ አይደለም?»

«አዲስ ነው።»

«ታዲያ ለምን ጣሉት?»

«የዚህ ፓምፕ አይደለማ! ስንት ጊዜ…» አሉና ቀጥ አሉ። መፍቻውን ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«ጅሉ እኔ ነኛ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ፓምፑን ልጨርስና…»

«ፓምፑ ይቆይ! ውሃው እስኪመጣ እጃችንን በአልኮል እናጸዳለን። አሁኑኑ ይነሱ።»

ተነሡ። በዚያው ዕለት ትልቁ ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሙ የጭንቅላታቸውን ፎቶ አይቶ፣ ትንሽ የረጋ ደም ከቫልቩ ወደ ጭንቅላታቸው አልፎ እንደነበረ፣ ሌላ ቢከተለው ኖሮ እጃቸውንም አንደበታቸውንም ይዞ ይሄድ እንደነበረ ነገራቸው። በሐኪም ትእዛዝ ወደ ዋርፋሪናቸው ተመለሱ። ዛሬ ቀጠሮ አይዘሉም፤ ዋርፋሪን ደም ስለሚያቀጥን ድዳቸው ሲደማ ይናገራሉ፤ ለጥርሳቸው እንኳ መድኃኒት ሲታዘዝላቸው «የብረት ቫልቭ አለኝ» ሳይሉ አይቀበሉም። የተረፈውንም ፓኬት ለፖስተኛው መልሰው፣ «ያንተ ፓምፕ ሌላ፣ የኔ ሌላ» አሉት። እናንተም ልጆቼ፣ ጎረቤታችሁን ውደዱት፤ ኪኒኑን ግን ለእሱ ተዉለት።

ክሊኒኩ በቦቴ በሚመጣ ውሃ ሰንብቶ፣ ፓምፑን ከወር በኋላ በቀኝ እጃቸው ገጥመው ሲጨርሱ፣ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም «ሳትጠይቁኝ ምንም እንዳትቀይሩ» ብለው ጻፉበት። ነርሷ ወርዳ አነበበችው። ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣችና ከሥሩ ጨመረችበት፦ «እርስዎም።»